ስለ ነጋዴዎች ኑዛዜ፤ ክርክርን ስላለማውረስ

በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነገሩን ሁሉ በመዝገብ የሚይዝ ሰው ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ስንት ኮንቴይነር ገና እንዳልወጣለት፣ በየትኛው ቸርቻሪ ላይ ምን ያህል ዱቤ እንዳለው፣ የባንኩ ወለድ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ተጠይቆ መልስ የሚያጣ ነጋዴ ጥቂት ነው። ይኸው ሰው ዛሬ ቢሞት ሱቁን ነገ ጧት ማን ይከፍተዋል ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከብዙዎቹ ዘንድ የሚገኘው መልስ ወይ ዝምታ ነው፤ ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ነው። እግዚአብሔር ማወቁ እርግጥ ነው። ባንኩና ፍርድ ቤቱ ግን በጽሑፍ ካልተገለጸላቸው አያውቁም።

የቸልታው አንዱ ምክንያት በራሱ በቃሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ኑዛዜ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርም ኑዛዜ ይባላል፣ ሀብትን ለወራሽ ማደላደልም ኑዛዜ ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ይኸውም በመጨረሻው ቀን፣ በአልጋ ላይ ሆኖ መፈጸም የተለመደ ሆነ። በጤናው ጊዜ ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ሞትን እንደ ጠራ ይቈጠራል። ሚስቱ ትደነግጣለች፤ ልጆቹም አባታቸው የደበቀው ሕመም ያለ ይመስላቸዋል። ስለዚህም ጉዳዩ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ትኩሳት በያዘው ሰው አንደበት፣ ጎረቤትና ካህን ባሉበት፣ በቃል ብቻ ይነገራል።

ሕጉ ለዚህ ዓይነት ኑዛዜ የሰጠው ስፍራ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚደረገውን ኑዛዜ የሚቀበለው ለሦስት ነገሮች ብቻ ነው። እነርሱም ስለ ቀብር ሥርዓት የሚሰጥ ትእዛዝ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪን የሚመለከት ቃል፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ናቸው። 500 ብር ሕጉ በታወጀበት ዘመን ደኅና ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በመርካቶ አንድ ጥሩ ሸሚዝ አይገዛም። ከዚህም በላይ ተናዛዡ ከሕመሙ ድኖ ሦስት ወር የኖረ እንደ ሆነ የቃል ኑዛዜው ዋጋ ያጣል። እንግዲህ በሞት አልጋ ላይ «ቤቱን ለታላቁ ልጄ፣ መጋዘኑን ለሁለተኛው» ብሎ የተናገረ አባት፣ ምስክሮቹ ምንም ያህል የተከበሩ ሽማግሌዎች ቢሆኑ፣ ንግግሩ በፍርድ ቤት ቤትና መጋዘን አያወርስም። ልጆቹ ቃሉን አክብረው ቢፈጽሙለት መልካም ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንቢ ካለ ግን የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ይህን የተረዱና ኑዛዜያቸውን በጽሑፍ ያደረጉ ነጋዴዎች ደግሞ በሌላ ጉድጓድ ይወድቃሉ። በዛሬ ጊዜ የሚታየው ዓይነተኛ ስሕተት የሚከተለው ነው። ተናዛዡ ሐሳቡን ለአንድ ጸሐፊ ይነግራል፤ ጸሐፊው በኮምፒዩተር ጽፎ ያትመዋል፤ ተናዛዡ ይፈርማል፤ ሁለት ወዳጆችም በምስክርነት ይፈርማሉ። ወረቀቱ ሲታይ ያማረ ነው፤ ማኅተምም ሊኖረው ይችላል። በሕግ ዓይን ግን ከሁለት ያጣ ነው። በተናዛዡ ጽሕፈት የተደረገ ኑዛዜ እንዳይባል ተናዛዡ በእጁ አልጻፈውም። በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ እንዳይባል ምስክሮቹ አራት አይደሉም።

በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም በዚያው በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ወይም የጣት ምልክት ማድረግ አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ብዙ ኑዛዜ የሚፈርሰው በምስክር ማነስ ብቻ አይደለም። አራቱም ምስክሮች ተቀምጠው፣ ጽሑፉም በእርግጥ ተነቦ፣ «በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቧል» የምትለው አንዲት መስመር ተረስታ የወደቀም አለ። ለአንድ ኮንቴይነር ዕቃ በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሠራ አስመጪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በሰነዱ ላይ አንዲት ቃል ስትጎድል ባንኩ ክፍያውን እንደሚይዝ ያውቃልና። ዳኛም ስለ ኑዛዜ እንደዚሁ ነው።

በእጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ምስክር አይፈልግም። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ተናዛዡ ራሱ በመኪና የጻፈው ከሆነ ይህንኑ በየገጹ በእጅ ጽሕፈቱ ማመልከት ይገባዋል። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ቀጠሮም አለው። ከተጻፈ ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ጽሑፉን በካዝና ቈልፎ፣ መክፈቻውን በኪሱ ይዞ፣ አሥር ዓመት በሰላም የኖረ ነጋዴ የቈለፈው ባዶ ወረቀት ነው።

ምስክር አመራረጥም ይታሰብበት። የኑዛዜ ስጦታ የሚደርሰውን ሰው ምስክር ወይም ጸሐፊ ማድረግ ለተቃዋሚ በር መክፈት ነው፤ ዳኞች ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች የተሰጠውን ሊቀንሱ ወይም ሊሰርዙ ይችላሉና። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜም፣ ፍቅራቸው ቢመሰገንም፣ በሕጉ ዋጋ የለውም። ለየራሳቸው በየወረቀቱ ይጻፉ።

የጽሑፉ ሥርዓት ይህን ያህል ከተነገረ ይበቃዋል። ከዚህ የሚከፋው ስሕተት ተናዛዡ የራሱ ያልሆነውን ማውረሱ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት፣ በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የባልና ሚስት የጋራ ነው ይላል። ብዙ ነጋዴ ግን የንግድ ፈቃዱም፣ የቤቱ ካርታም፣ የመኪናው ሊብሬም በስሙ ስለ ሆነ ሁሉንም የራሱ አድርጎ ይናዘዛል። በእውነቱ ማውረስ የሚችለው እኩሌታውን ነው። ባል ቤቱን በሙሉ ለልጁ ከተናዘዘ ልጁ ከእናቱ ጋር፣ ወይም ይባስ ብሎ ከእንጀራ እናቱ ጋር፣ በችሎት መቆሙ የማይቀር ነው።

የዚህ ስሕተት ተቃራኒውም አለ። «ልጆቼ ገና ናቸው፤ እኔ ብሞት ሚስቴ ትወርሰኛለች» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስትን ከባሏ ወራሾች መካከል አልቈጠራትም። እርሷ የምትወስደው ከጋራው ንብረት የራሷን እኩሌታ ነው፤ የሟቹ ድርሻ ለልጆቹ በእኩልነት ያልፋል። ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ፣ እነርሱም ከሌሉ ለእኅት ወንድሞቹ ይሄዳል። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት አብረው ደክመው ያቆሙት ሱቅ፣ ባል ያለ ኑዛዜ የሞተ እንደ ሆነ፣ እኩሌታው ለአማቾች ይሆናል ማለት ነው። ሚስት አብራ ዕቃ ስታራግፍ፣ ገንዘብ ስትቈጥር፣ ደንበኛ ስታስተናግድ ከኖረች በኋላ ከሱቁ ደጃፍ የምትቆምበት ነገር እንዳይመጣ የሚያደርገው ኑዛዜ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ችላ ያለ ባል ለሚስቱ የነበረው ፍቅር አይጠረጠር ይሆናል፤ ቸልታው ግን ከጭካኔ የሚለይበት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የሌላ ሰው ሀብት የመንግሥት ነው። ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ መሬት የግል ንብረት አይደለም። የሚወረሰው በላዩ ያለው ቤትና የይዞታው መብት፣ በሊዝ ከሆነም የቀረው ዘመን ነው። ከቀበሌ ወይም ከመንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት የተከራየ ሱቅ ደግሞ፣ አባት አርባ ዓመት ቢሠራበትም፣ የአባት ቤት አልሆነም። «የመርካቶውን ሱቅ ለልጄ» የሚል ኑዛዜ የተከራዩትን ቤት የሚመለከት ከሆነ አከራዩን አያስገድድም። ልጁ ሊወርስ የሚችለው በውስጡ ያለውን ዕቃ፣ የደንበኛውን ሒሳብና የንግድ ስሙን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍና በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አንድ አለማድረጉም መታወቅ ይገባዋል። በውርስ ካልሆነ በቀር ተቀባዩ ወደ ሊዝ ይገባል። በሕይወት ሳለ በስጦታ ወይም በሽያጭ ስም ለልጁ ማዛወር የሚያስብ አባት ይህን ሳያሰላ እንዳይፈርም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ደግሞ የማኅበር ሀብት ነው። ንግዱን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያደረገ ሰው የጭነት መኪናውና መጋዘኑ ከእንግዲህ የእርሱ አይደሉም፤ የማኅበሩ ናቸው። የእርሱ አክሲዮኑ ነው። መኪናውን ለአንዱ፣ መጋዘኑን ለሌላው ያወረሰ ባለ አክሲዮን የሌላውን ሰው ንብረት እንዳወረሰ ይቈጠራል። አክሲዮን ለወራሽ የሚተላለፍበትን መንገድ ለማወቅ የመመሥረቻ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው። ይህ ጽሑፍ ማኅበሩ በተመሠረተበት ቀን ተፈርሞ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ዓይኑን ያላሳረፈበት ከሆነ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከታወጀው አዲሱ የንግድ ሕግ ጋር አብሮ በሕግ ዐዋቂ ይታይ።

የአበዳሪው ድርሻም አለ። ከውርስ ሀብት አስቀድሞ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያም የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ የኑዛዜ ስጦታ የሚመጣው ከኋላ ነው። ባንክ ያበደረው በመያዣ ስለ ሆነ አይቸገርም። የሚቸገሩት በቃል የተበደሩና በቃል ያበደሩ ናቸው። የዱቤ ደብተሩን በራሱ ብቻ በሚያውቀው ምልክት የሚጽፍ ነጋዴ ሲሞት ተበዳሪዎቹ ይረሳሉ፤ አበዳሪዎቹ ግን አንድም አይረሱ። ዕቁብ ወስዶ ገና ያልጨረሰ ሰው ዕዳውን ለማን እንደሚያቆይ ያስብ፤ ዋሱም ሰው ነውና።

አሁን የነገሩ ዋና ወደሆነው ወደ አከፋፈሉ መድረስ ይገባል። የብዙ አባቶች ሐሳብ ለልጆቻቸው ሁሉ እኩል መስጠት ነው፤ ሐሳቡም የተመሰገነ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው እኩልነቱን በየዕቃው ላይ መፈጸም ሲፈልጉ ነው። አራት ልጆች የአንድ ሱቅ አራት ባለቤቶች ሲሆኑ አንዱ ይሸጥ ይላል፤ ሁለተኛው ይከራይ ይላል፤ ሦስተኛው ካናዳ ተቀምጦ ውክልና ለመላክ ወራት ይፈጃል። ከአባቱ ጋር በሱቁ ያደገው አራተኛው ልጅ ደግሞ ለእኅት ወንድሞቹ ደመወዝተኛ ይሆናል። እስከዚያው አቅራቢው ሌላ ደንበኛ አግኝቷል።

ሱቁን አንድ አድርጎ ለሚሠራበት ልጅ መስጠት፣ ሌሎቹን ደግሞ በቤት፣ በገንዘብና በአክሲዮን ማካካስ የተሻለ ነው። ሕጉም ለዚህ መጠነኛ ስፍራ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ከሚደርሰው ድርሻ ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍያውን ሊቃወም ይችላል። ለምሳሌ ያህል ሒሳቡ ይታይ። የባልና ሚስት ጠቅላላ ሀብት 48 ሚሊዮን ብር፣ የባንክ ዕዳው 8 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ የቀረው 40 ሚሊዮን ነው። የሚስት እኩሌታ 20 ሚሊዮን ሲወጣ አባት የሚያወርሰው 20 ሚሊዮን ይሆናል። ለአራት ልጆች በእኩል ቢደርስ ለእያንዳንዱ 5 ሚሊዮን ነው። አባት 8 ሚሊዮን የሚያወጣውን ንግድ ለአንዱ ሰጥቶ ለሦስቱ አራት አራት ሚሊዮን ቢያደርግ፣ የእነርሱ ጉዳት ከአምስት አንድ ስለ ሆነ ከሩብ አያልፍም፤ ኑዛዜው ይጸናል። ለሦስቱ ሦስት ሦስት ሚሊዮን ብቻ ቢያደርግ ግን ጉዳቱ ከሩብ ያልፋልና ክርክሩን አብሮ አውርሷል።

ይህ ሒሳብ በተጻፈበት ቀን ትክክል ሆኖ በሞት ቀን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ልጅ ቤት፣ ለሌላው ይህን ያህል ብር ብሎ የተናዘዘ ሰው ብሩ እንደ ቤቱ እንደማያድግ ይወቅ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ እንዴት ዝቅ እንዳለ ለአስመጪዎች መንገር አያስፈልግም። በኑዛዜ የተወሰነ ብር የተጻፈለት ልጅም በዚያው ወር በዚያው መጠን ከሰረ። ስለዚህ በብር ልክ ከመጻፍ ይልቅ በድርሻ፣ ይኸውም እኩሌታ፣ ሲሶ፣ ሩብ እያሉ መጻፍ ይሻላል። አለዚያም ኑዛዜውን በየሁለት ዓመቱ እንደ ዕቃ ቈጠራ ማየት ነው።

ልጅን ከውርስ የመንቀል ነገር የሚያስቸግር ነው። በቁጣ የተጻፈ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የአንዱን ልጅ ስም ሳያነሣ ያልፋል፤ ተናዛዡም በዝምታው የነቀለው ይመስለዋል። በሕጉ ልጅ በዝምታ አይነቀልም። አባት ልጁን መንቀሉን በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱንም በዚያው በኑዛዜው ማስፈር አለበት፤ ምክንያት የሌለው ንቅለት ዋጋ የለውም። በሌላ ከተማ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን ልጅ የደበቀ ነጋዴም እንዲሁ ነው። የዚያ ልጅ የመውረስ መብት ከጋብቻ ከተወለዱት አያንስም። አባት በሕይወት ሳለ የደበቀው ነገር በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ የታወቀ እንደ ሆነ፣ ኀፍረቱ ለሟቹ ሳይሆን ለቆሙት ነው። አባትነቱን በሕይወት ሳለ በሕግ መንገድ ያረጋገጠና በኑዛዜው የጠቀሰ ሰው ከሚስቱ የሚያገኘው ቁጣ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ለልጄ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል» ይላል። ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በወካዩ ሞት የሚያልቅ ነው። ከሞቱ በኋላ በውክልናው ከባንክ ገንዘብ ያወጣ ልጅ፣ ምንም እንኳ ለቀብር ቢያወጣው፣ ከእኅት ወንድሞቹ ጋር የሚጣላበትን የመጀመሪያውን ሰነድ ፈረመ። ባንክ የሟቹን ሒሳብ የሚከፍተው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሲመጣለት ነው። እስከዚያው የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጉምሩክ ክፍያና የመጋዘን ኪራይ አይጠብቁም። ለዚህ የሚበጀው በኑዛዜው ውስጥ የታመነና ንግድ የሚያውቅ ሰው ውርስ አጣሪ አድርጎ መሰየም ነው። አጣሪው የግድ ከወራሾቹ አንዱ መሆን አይገባውም፤ እንዲያውም ከእነርሱ ውጭ የሆነ የቆየ የሒሳብ ሰው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ስለ እስላም ነጋዴዎች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሟቹ እስላም ሲሆንና ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ የውርስ ጉዳይ ያያሉ። በሸሪዓው ኑዛዜ ከሀብቱ ሲሶ አያልፍም፤ ለወራሽም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይናዘዙለትም። ሚስት ሟቹ ልጅ ካለው ስምንተኛ ትወርሳለች፤ የሴት ልጅም ድርሻ የወንዱ እኩሌታ ነው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሸሪዓውን አልፈቅድም ያለ እንደ ሆነ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል፤ በዚያም ድርሻው ሌላ ነው። ስለዚህ በሸሪዓ መሠረት ይፈጸምልኛል ብሎ ያለ ጽሑፍ የሚተወው ሰው ቤተ ሰቡን አስቀድሞ ማነጋገር፣ ስምምነታቸውንም መስማት አለበት።

ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ኑዛዜው የት ይቀመጥ የሚለው ነገር አለ። በቤት የተቀመጠ ኑዛዜ አስቀድሞ ላገኘው ሰው የተተወ ነው፤ ያገኘውም ሰው የማይጠቀምበት ከሆነ ምድጃው ሩቅ አይደለም። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ወይም በፍርድ ቤት ማስቀመጥ፣ ያለበትንም ስፍራ ለሁለት ሰዎች መንገር ይገባል። አዲስ ኑዛዜ ያደረገ ሰው የፊተኛውን መሻሩን በግልጽ ይጻፍ፤ ካልጻፈ የማይቃረነው ክፍል ሁሉ ጸንቶ ይኖርና ሁለት ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ይሟገታሉ። ትዳር በፍቺ ሲፈርስ ለቀድሞው የትዳር ጓደኛ የተሰጠው የኑዛዜ ስጦታ ይቀራል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ የተወለደ እንደ ሆነም ስጦታዎቹ ዋጋ ሊያጡ ይችላሉ። የውጭ ዜግነት የያዘ ልጅ ያለው አባት ደግሞ ልጁ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አስቀድሞ እንዲያወጣ ይምከረው፤ ቤት ሲወርስ ይጠቅመዋል።